የወደቀን ኔትወርክ የሚያነሣው ቀጭን ገመድ

ጥቅምት 28 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2023) ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ፣ የአውስትራሊያ ሁለተኛው ትልቁ የቴሌኮም ድርጅት የኦፕተስ ኔትወርክ በመላ አገሪቱ ወደቀ። ከሜልበርን መሀል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው አስኮት ቬል በዋዜማው ደምቃ ነበር፤ በአጎራባቿ በፍሌሚንግተን ዓመታዊው የሜልበርን ካፕ የፈረስ ውድድር ተካሂዷል። በማግስቱ ማለዳ ግን የኦፕተስ ደንበኞች ስልክ «አገልግሎት የለም» ከማለት በቀር የሚሠራው አልነበረም። የባቡር መቆጣጠሪያው ግንኙነት በመቋረጡ፣ አስኮት ቬል ጣቢያን አቋርጦ የሚያልፈውን የክሬጊበርን መስመር ጨምሮ፣ የከተማዋ ባቡሮች ለጊዜው ቆሙ።

በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ገና የጥቅምት 27 ምሽት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። በአስኮት ቬል፣ በፍሌሚንግተንና በፉትስክሬይ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከአገር ቤት ጋር የሚገናኙት በዚሁ የቀንና የሌሊት መገናኛ ነው። የኦፕተስ ደንበኛ የሆነ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው ያን ምሽት ደጋግሞ ቢደውልም መልስ አላገኘም።

ጉዳቱ ከወዳጅ ዘመድ ናፍቆት ያለፈ ነበር። ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞች፣ ሆስፒታሎችና የንግድ ተቋማት ከግንኙነት ውጭ ሆኑ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ጉዳይ ነው። የአገሪቱ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባካሄደው ምርመራ፣ በዚያ ቀን 2,145 ሰዎች በሦስቱ ዜሮ የአደጋ መስመር ደውለው ሊገናኙ አለመቻላቸውን አረጋግጧል። ድርጅቱ በኋላ ከ12 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ቅጣት ከፍሏል፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚዋም ችግሩ በደረሰ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሥልጣናቸውን ለቀዋል።

መንሥኤው የጠላት ጥቃት ወይም የተቆረጠ ገመድ አልነበረም። ራውተሮች ውሂብ በየት በኩል እንደሚጓዝ እርስ በርሳቸው የመንገድ ጥቆማ ይለዋወጣሉ። ከአንድ ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት መለዋወጫ ከተደረገ የሶፍትዌር ማሻሻያ በኋላ፣ ከወትሮው እጅግ የበዛ ጥቆማ ወደ ኦፕተስ ጎረፈ። ወደ 90 የሚጠጉ ራውተሮች ከተወሰነላቸው መጠን በላይ ስለደረሳቸው፣ ራሳቸውን ለመጠበቅ ከዋናው መረብ በገዛ እጃቸው ተነጠሉ። ድርጅቱ በወቅቱ ባወጣው መግለጫ፣ በአንዳንድ ሥፍራዎች ራውተሮቹን በአካል ተገኝቶ ማገናኘት ወይም አጥፍቶ ማስነሣት እንዳስፈለገና ለዚህም በአገሪቱ በሚገኙ በርካታ ጣቢያዎች ሠራተኞች እንደተላኩ ገልጿል።

ሰው ሠራሽ ሳተላይት ከምድር ሆኖ በሚታዘዝበት ዘመን፣ አንድን ራውተር ለማስተካከል ሰው በመኪና መላክ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ዕድሜ ወዳለው፣ ዛሬም በየሰርቨሩና በየራውተሩ ጀርባ ወደሚገኝ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ይመራል። ስሙ ሲሪያል ኮንሶል ይባላል።

ራሱን ከውስጥ የቆለፈ ቤት

የኔትወርክ ባለሙያ በተለመደው ቀን ወደ ራውተሩ የሚገባው በራሱ በኔትወርኩ በኩል ነው። ቢሮው ወይም ቤቱ ተቀምጦ የመሣሪያውን አድራሻ ይጠራል፤ የይለፍ ቃሉን ያስገባል፤ ትእዛዙን ይጽፋል። ይህ አሠራር ምቹና ፈጣን ነው። ነገር ግን በውስጡ አንድ ወጥመድ አለ፤ ባለሙያው የሚጠግነው መንገድና ወደ ጥገናው የሚሄድበት መንገድ አንድ ናቸው። ራውተሩ አድራሻውን ቢያጣ፣ አንድ የተሳሳተ የማገጃ ሕግ ቢጻፍበት ወይም እንደ ኦፕተስ ራውተሮች ራሱን ቢነጥል፣ ባለሙያውም ከሌላው ሰው እኩል ውጭ ይቀራል። ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ማለት ነው።

ሲሪያል ኮንሶል ለዚህ ጊዜ የተተወ ሌላ በር ነው። አድራሻ አይፈልግም፤ የመንገድ ጥቆማ አይፈልግም፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር ጨርሶ ባይኖርም ይሠራል። መሣሪያው ኤሌክትሪክ ካገኘና አእምሮው ሥራ ከጀመረ፣ ገና ሲነሣ የሚያወጣቸውን የመጀመሪያዎቹን ቃላት በዚህ ቀዳዳ በኩል ያሰማል፤ የሚጻፍለትንም ያዳምጣል። ርቀቱ ግን አጭር ነው፤ ገመዱ የሚሰካው በአካል ከመሣሪያው አጠገብ ተቁሞ ነው። ስለዚህ ሌላ ዝግጅት በሌለበት ቦታ፣ ከርቀት መግባት የጠፋ ዕለት ባለሙያው ላፕቶፑንና ገመዱን ይዞ መንገድ ይወጣል።

ከቴሌግራፍ ዘመን የመጣ ቋንቋ

«ሲሪያል» ማለት በተርታ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ማለት ነው። መልእክቱ በአንድ ሽቦ ላይ በትናንሽ የኤሌክትሪክ ምልክቶች ተሰልፎ ይሄዳል። ሐሳቡ የኮምፒውተር ፈጠራ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በሐረርና በአዲስ አበባ መካከል የተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመርም የቴሌግራፍ መልእክቱን ያስተላልፍ የነበረው በዚሁ መርህ፣ ምልክትን ከምልክት አስከትሎ ነው። ዛሬም የሲሪያል ፍጥነት የሚለካበት «ባውድ» የተሰኘው መለኪያ ስሙን ያገኘው ኤሚል ቦዶ ከተባለው የ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ የቴሌግራፍ መሐንዲስ ነው።

ቴሌግራፍ ወደ ቴሌታይፕ አደገ፤ ቴሌታይፕ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች መጻፊያና ማንበቢያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የወጣው አርኤስ-232 የተባለው ደረጃ፣ ሁለት መሣሪያዎች በተርታ ምልክት እንዴት እንደሚነጋገሩ ደነገገ። የሊኑክስ ሥርዓት እስከ ዛሬ ድረስ ተርሚናሎቹን «ቲቲዋይ» እያለ የሚጠራው ከዚያው ከቴሌታይፕ በወረሰው አኅጽሮት ነው። ዘመናዊ የሚባለው ሰርቨር የአያቱን ስም በግንባሩ ለጥፎ ይሠራል።

ይህ ቋንቋ ያልሞተው ቀላል በመሆኑ ነው። ኔትወርክ እንዲሠራ በሺሕ የሚቆጠሩ የሶፍትዌር መስመሮች ተስማምተው መነሣት አለባቸው፤ ሲሪያል ግን ጥቂት ሽቦና አንዲት ትንሽ ቺፕ ይበቃዋል። የሚበላሽ ነገር ባነሰ ቁጥር፣ ሌላው ሁሉ በተበላሸ ጊዜ የመትረፍ ዕድሉ ይበዛል።

ሦስት ሽቦ፣ አንድ ፍጥነት

ለመሠረታዊ ግንኙነት የሚያስፈልጉት ሦስት ሽቦዎች ናቸው፤ መናገሪያ፣ ማዳመጫና የጋራ መሬት። የአንዱ መናገሪያ ከሌላው ማዳመጫ ጋር መገናኘት ስላለበት ሁለቱ ሽቦዎች ይሻገራሉ። የሲስኮ ራውተሮችና ስዊቾች ይዘውት የሚመጡት ጠፍጣፋ ሰማያዊ ገመድ ይህን መሻገር በውስጡ ያዘጋጀ ነው። የገመዱ ጫፍ ከተራ የኔትወርክ ገመድ ጫፍ ጋር አንድ ዐይነት ቅርፅ ስላለው ጀማሪዎች ይሳሳታሉ፤ መሰካት ያለበት «ኮንሶል» ተብሎ በተጻፈበት ቀዳዳ ብቻ ነው። የዛሬ ላፕቶፖች የሲሪያል ቀዳዳ ስለሌላቸው በመካከል የዩኤስቢ መቀየሪያ ይገባል።

ቀጥሎ ሁለቱ ወገኖች በፍጥነት መስማማት አለባቸው። ብዙ የሲስኮ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በሰከንድ 9,600 ቢት ላይ ተስተካክለው ነው፤ በሰርቨሮች ዘንድ 115,200 የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ስምንት ቢት ሲሆን፣ ከፊቱ አንድ የመጀመሪያ፣ ከኋላው አንድ የመጨረሻ ምልክት ስለሚጨመርለት ዐሥር ይሆናል። ስለዚህ 9,600 ማለት በሰከንድ 960 ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ታዋቂው ቪቲ-100 ተርሚናል በአንድ ገጽ 24 መስመር፣ በአንድ መስመር 80 ፊደል ያሳይ ነበር፤ ይህም 1,920 ፊደል ይሆናል። ሙሉውን ገጽ ለመሙላት ልክ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። ቪዲዮ ለለመደ ዐይን ቀርፋፋ ነው፤ የወደቀ ራውተር ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ግን ከበቂ በላይ ነው።

ፍጥነቱ ካልተገጣጠመ ገጹ ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ይሞላል። ይህን ያየ ባለሙያ መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ከመደንገጡ በፊት ፍጥነቱን መለወጥ ይኖርበታል። ገጹ ጭልም ብሎ ከቀረ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ያልተሻገረ ሽቦና ሳይዘጋ የቀረ የፍሰት መቆጣጠሪያ ናቸው። ብርቱ ጥንቃቄ የሚፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። አርኤስ-232 እስከ 15 ቮልት በሚደርስ ምልክት ሲናገር፣ በአንዳንድ ትናንሽ ቦርዶች ላይ ያለው ሲሪያል የሚችለው 3.3 ቮልት ብቻ ነው። ሁለቱን ያለ መቀየሪያ ያገናኘ ሰው ቦርዱን ሊያቃጥለው ይችላል።

በሰርቨር ላይ ገመድ መሰካት ብቻውን አይበቃም፤ ሰርቨሩ በሲሪያል እንዲናገር በሦስት ደረጃ ሊታዘዝ ይገባል። የመጀመሪያው ማሽኑ ሲነሣ የሚሠራው መሠረታዊ ሥርዓት ነው፤ ሁለተኛው ሊኑክስን የሚያስነሣው ጫኚ ፕሮግራም ነው፤ ሦስተኛው የሊኑክስ ከርነልና የመግቢያው ገጽ ናቸው። አንዱ ከተዘለለ ባለሙያው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ያያል። ማሽኑ ሲነሣ አይቶ መግባት ያቅተዋል፤ ወይም የመግቢያውን ገጽ እያገኘ፣ ማሽኑ ሳይነሣ በቀረ ዕለት ምክንያቱን የሚነግረው ያጣል።

ባለሙያው ሩቅ ሲሆን

ገመዱ አጭር ነው፤ መሣሪያዎቹ ግን በየአህጉሩ ተበትነዋል። ይህን ችግር የሚፈታው የኮንሶል ሰርቨር የተባለው ሣጥን ነው። ሣጥኑ ከራውተሮቹና ከሰርቨሮቹ ጎን በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥና የሁሉንም የኮንሶል ገመድ በአንድ ጊዜ ይይዛል። በሌላ ወገኑ ደግሞ ከዋናው ኔትወርክ የተለየ መውጫ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ የሌላ ድርጅት ሲም ካርድ የገባበት ሞደም። ዋናው ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ ቢወድቅ እንኳ ባለሙያው በሞባይል መስመር ወደ ሣጥኑ ይገባና ከዚያ በሲሪያል ገመዱ የወደቀውን ራውተር ያነጋግራል። በዚህ ዘርፍ ከታወቁት ድርጅቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተውና በኋላ በአሜሪካው ዲጂ ኢንተርናሽናል የተገዛው ኦፕንጊር፣ ሥሩ ከአውስትራሊያዋ ብሪስበን ነው።

የኮንሶል ሰርቨር ሌላም ጥቅም አለው፤ ያዳምጣል፤ የሰማውንም ይጽፋል። ሰርቨር ድንገት ሲሞት ምክንያቱን በራሱ ዲስክ ላይ መጻፍ አይችል ይሆናል፤ የመጨረሻ ቃሉን ግን በሲሪያል ተናግሮ ይሞታል። አጠገቡ የሚያዳምጥ ሣጥን ካለ ያ ቃል ተመዝግቦ ይገኛል፤ ከሌለ የሞቱ ምክንያት አብሮት ይቀበራል።

ሁለተኛው መንገድ ሁለተኛ ካልሆነ

የሌላ በር ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ካናዳ በከባድ ዋጋ ተምራለች። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022) የሮጀርስ ኔትወርክ ባለሙያዎች በማሻሻያ ሥራ ላይ ሳሉ አንድ የማጣሪያ ሕግ ከራውተር ላይ አነሡ። የመንገድ ጥቆማው ጎርፍ ዋናዎቹን ራውተሮች አጥለቀለቃቸው፤ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ለ26 ሰዓታት ያህል አገልግሎት አጡ። በኋላ የወጣው ገለልተኛ ምርመራ የመዘግየቱን ቁልፍ ምክንያት አመለከተ፤ ኔትወርኩን ለማስተዳደር የተዘረጋው መረብ ራሱ በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ላይ የተመረኮዘ ነበር። ባለሙያዎቹ ከመሣሪያዎቻቸው ተቆርጠው የስሕተት መዝገቦቹን ማየት ስላልቻሉ መንሥኤውን ለማወቅ ብቻ 14 ሰዓታት ፈጀባቸው። የሠራተኞቹ ስልክም የዚያው ድርጅት ስለነበረ እርስ በርስ መነጋገር እንኳ ከብዷቸው ነበር።

ፌስቡክም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021) የመረቡን አቅም ለመመርመር የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የመረጃ ማዕከላቱን እርስ በርስ የሚያገናኘውን የጀርባ አጥንት በሙሉ አቋረጠው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ሆነ። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓታት ያህል ጠፉ። ድርጅቱ በማግስቱ እንዳብራራው፣ ዋናው መግቢያ ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀን የተዘጋጀው ተለዋጭ መግቢያም አልሠራም። መሐንዲሶች ወደ ማዕከላቱ በአካል ተላኩ፤ ሕንፃዎቹም ሰርጎ ገብን ለመከልከል የተሠሩ በመሆናቸው ባለቤቶቹንም አዘገዩ።

የሁለቱ ታሪኮች ትምህርት አንድ ነው። ለጥገና የሚዘረጋ መንገድ ከሚጠገነው ነገር ምንም መዋስ የለበትም። የኮንሶል ሰርቨሩ ሲም ካርድ የራሱ የድርጅቱ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ከዚያው ሶኬት ከመጣ፣ ወይም የይለፍ ቃሉን የሚያረጋግጠው ማሽን በወደቀው ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ፣ በሩ በሥዕል እንጂ በተግባር የለም። ሲም ካርዱ ሒሳብ ሳይሞላለት ከርሞ አገልግሎቱ ተዘግቶም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ በየጊዜው መሞከር አለበት፤ ከሁሉ የሚሻለው ሙከራ ዋናውን መስመር ሆን ብሎ ነቅሎ «አሁን መግባት ይቻላልን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የኋላ በር ሌባም ያስገባል

ኮንሶል ኃይለኛ በመሆኑ አደገኛም ነው። በብዙ ራውተሮች ላይ፣ መሣሪያው ሲነሣ በኮንሶል በኩል የማቋረጫ ምልክት የሰጠ ሰው የይለፍ ቃሉን ጥሶ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ለረሳ ባለቤት የተተወ ምሕረት ነው። በኮንሶል ሰርቨር አማካይነት ግን ያ ገመድ ወደ ዓለም ሁሉ ይዘረጋል። ስለዚህ ሣጥኑ ለኢንተርኔት በግልጽ መጋለጥ የለበትም፤ በተመሰጠረ መስመርና በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሊጠበቅ፣ የገባውና የወጣው ሁሉ ሊመዘገብ ይገባል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገርም አለ። በኔትወርክ የገባ ሰው መስመሩ ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ አብሮ ይወጣል። በተለመደው የሦስት ሽቦ ኮንሶል ግን ገመዱን መንቀል እንደ መሰናበት ላይቆጠር ይችላል። ባለሙያው ሳይሰናበት ከሄደ፣ የጊዜ ገደብም ካልተደረገ፣ ቀጥሎ ገመዱን የሰካ ሰው በቀደመው ሰው ሙሉ ሥልጣን ውስጥ ራሱን ያገኛል።

ከአስኮት ቬል እስከ ጎንደር

ጉዳዩ የትልልቅ ድርጅቶች ብቻ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሙያ ጎንደር ባለ ራውተር ላይ አንዲት የተሳሳተች መስመር ቢጽፍ፣ ስሕተቱን ለማረም በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠብቀዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ሌላ ችግር ይከተላል። በድንገት የጠፋ ሰርቨር ዲስኩ ላይ ስሕተት ካገኘ፣ ኔትወርኩን ሳያስነሣ በአስቸኳይ ሁኔታ ቆሞ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በኮንሶል ይጠብቃል። ከውጭ የሚያየው ሰው ማሽኑ እንደሞተ ያስባል፤ ማሽኑ ግን ተነሥቶ መልስ የሚሰጠው ሰው እየጠበቀ ነው። በየዩኒቨርሲቲው፣ በየባንኩ ቅርንጫፍና በየሆስፒታሉ የሚተከሉ መሣሪያዎች ሲበዙ ይህ ዐይነቱ ጥበቃም ይበዛል።

ለመማር የሚያስፈልገው ወጪ ደግሞ ትንሽ ነው። አንድ ያገለገለ ስዊች፣ አንድ የዩኤስቢ መቀየሪያና አንድ የኮንሶል ገመድ ይበቃሉ። ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ በዊንዶውስ ላይ ፑቲ፣ በሊኑክስ ላይ ሚኒኮም ለዚሁ ሥራ የተሠሩ ናቸው። ገመዱን ሰክቶ መሣሪያው ሲነሣ የሚያወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ተማሪ፣ ኔትወርክ የሚባለው ነገር ከምን ላይ እንደቆመ በዐይኑ ያያል።

በአውስትራሊያ መንግሥት ያቋቋመው ግምገማ ከኦፕተስ ችግር ተነሥቶ 18 ምክረ ሐሳቦች አቅርቧል፤ መንግሥትም ሁሉንም ተቀብሏቸዋል። ከእነዚህ ምክረ ሐሳቦች በፊት ግን የሚቀድም አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፤ ማንኛውም መሣሪያ የሚያስተዳድር ሰው፣ በአንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥም ቢሆን፣ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ነው። ይህ ኔትወርክ አሁን ቢወድቅ፣ በየት በኩል ገብቼ አነሣዋለሁ? መልሱ «በኔትወርኩ በኩል» ከሆነ፣ መልስ የለም ማለት ነው። ያን ረቡዕ ሦስቱን ዜሮ ደውለው ምላሽ ያጡት 2,145 ሰዎች ስለ ሲሪያል ገመድ ማወቅ አይጠበቅባቸውም ነበር። ማወቅ የሚጠበቅበት እነርሱ የተማመኑበትን መስመር የሚጠብቀው ባለሙያ ነው።